የባሕር ዳር አዝማሪና ማሲንቆው

ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደ ጣና ዳር ስትወርዱ፣ ሱቁ፣ ሻይ ቤቱና የባጃጁ ጥሩምባ በተደበላለቀበት መሐል ማሲንቆ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ባለቤቱ አዝማሪ ነው። መድረክም ማጉያም አያስፈልገውም፤ ሰው የተቀመጠበት ሁሉ መድረኩ ነው።

ማሲንቆ ያለው አንድ አውታር ብቻ ነው። አውታሩ ከፈረስ ጭራ የተጠመረ ሲሆን፣ ቆዳ በተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን ላይ ተወጥሮ ያልፋል። የደጋኑ ክርም የፈረስ ጭራ ነው፤ ሙጫ ወይም ዕጣን ካላሹት ድምፅ አይወጣውም። በክረምት እርጥበት ቆዳው ስለሚላላ እሳት ወይም ፀሐይ ማየት አለበት። የአዝማሪውን ግራ እጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ጣቶቹ አውታሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቁም፤ ነካ እያደረጉ ብቻ ያልፋሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች የሚወጡት ከዚህች አንዲት አውታር ነው። እኔ ከአገራችን መሣሪያዎች ለሰው ድምፅ የሚቀርብ ሌላ አላውቅም።

ዋናው ጥበብ ግን ግጥሙ ነው። አዝማሪው ገና ሲጠጋችሁ ያጠናችኋል። የለበሳችሁትን፣ አብሯችሁ የተቀመጠውን፣ የፊታችሁን ሁኔታ ያያል፤ ስማችሁንና አገራችሁን ይጠይቃል። ጥቂት ቆይቶ ስማችሁ ቤት ሲመታ ትሰማላችሁ። ካሞገሳችሁ በኋላ ደግሞ ሸንቆጥ ያደርጋችኋል። በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። አንዱ ከጠረጴዛው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወርደዋል። ተወጋሁ ያለው ጓደኛ በዚያው በአዝማሪው አፍ መልስ ይልካል። ሰሙን ሰምቶ ወዲያው የሚስቅ አለ፤ ወርቁ የገባው ቆይቶ ይስቃል።

ሙያው በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በጎንደርና በጎጃም አዝማሪነት በትውልድ የተያዘባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ባል ማሲንቆ ሲመታ ሚስት ታዜማለች። ሌላው ሰው እንዳይሰማቸው እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋም አላቸው።

ድሮ አዝማሪ ከመኳንንቱ ጋር ይዘምት፣ ጀግናውን ያወድስ፣ የፈራውን ያሳፍር ነበር። ሌላው ሰው በግልጽ ሊለው የማይደፍረውን በቅኔ ጠቅልሎ ጌታው ፊት ይናገር ነበር። ፋሺስቶችም ይህን አውቀው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎችም እየታደኑ እንዲገደሉ ታዘዘ። ባለ ማሲንቆውን እንደ ባለ ጠመንጃ ፈሩት ማለት ነው።

እኛ ግን ይህን ሙያ ስንንቅ ኖረናል። በየሠርጉና በየጠጅ ቤቱ ያለ አዝማሪ አይደምቅልንም፤ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ግን ለስድብ እንጠቀምበታለን። ይህ ግፍ ነው። በቆመበት፣ ቤት የሚመታ ግጥም የሚያፈልቅ ሰው ባለ ሙያ ነው፤ እንደ ለማኝ ሊታይ አይገባውም።

አሁን ደግሞ አዲስ ልማድ መጥቷል። አዝማሪው ሲጠጋ ስልክ ይወጣል፣ ይቀረጻል፣ ሰውየው ሳይሸለም ይኬዳል። ባሕር ዳር ስትሄዱ እንዲህ አታድርጉ። ስልካችሁን አስቀምጡና አንድ ስንኝ ወርውሩለት፤ ስትነሡም ብሩን ግንባሩ ላይ ለጥፉለት።