ሁለት ዓይነት ዘር በአንድ መጋዘን
የራያ ቆላ ማሽላ፣ የዘር ድርጅቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ የአላውሃን ወንዝ ተሻግረው ሲጓዙ ጎብዬ ትገኛለች። በዚህ ሜዳ የኑሮ መሠረት ማሽላ ነው። የገበሬው ቤተሰብ እንጀራ የሚጋግረው ከማሽላ ነው፤ ከብቱ በበጋ የሚያድረው በማሽላ አገዳ ነው፤ ማገዶውና አጥሩም ከዚያው ይገኛል። ስለዚህ በራያ ቆላ ስለ ዘር መነጋገር ስለ ቤተሰብ ኑሮ መነጋገር ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆን፣ ዓላማውም የሀገር ዘርን ጠብቆ በምርጥ ዘር መጠቀም እንደሚቻል ለማስረዳት ነው።

የሁለቱ ዘሮች ጠባይ

የአካባቢው ገበሬ ለብዙ ትውልድ መርጦ ያቆያቸው የማሽላ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ደጋሊትና ጅጉርቲ በስም ይታወቃሉ። እነዚህ የሀገር ዘሮች የበልጉን ዝናብ ተከትለው በሚያዝያ ገደማ ይዘራሉ፤ ለመድረስ ብዙ ወራት ይፈጃሉ፤ አገዳቸው ረጅም ነው። ዝናቡ በጊዜው ከመጣ ለሰውም ለከብትም ይበቃሉ። በልጉ ሲቀር ግን የሚዘሩበት ጊዜ ያልፋል።

ከዚህች ከተማ ጋር አንድ ስም ያለው «ጎብዬ» የተባለው ምርጥ ዘር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ይህ ዘር ከ«አብሽር» ጋር በ1992 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተለቀቀ ሲሆን፣ የተገኘውም ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ካደረጉት ምርምር ነው። ፕሮፌሰሩ በማሽላ ላይ ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የጎብዬ ዋና ጥቅም አቀንጭራን መቋቋሙ ነው። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይበቅላል። የጎብዬ ሥር ይህን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው በጥቂቱ ስለሆነ አብዛኛው የአቀንጭራ ዘር ሳይነቃ ይቀራል። ዘሩ ቶሎ የሚደርስ በመሆኑም የክረምቱ ዝናብ ዘግይቶ ሲጀምርና ቀድሞ ሲቆም ይረዳል።

ይሁን እንጂ አገዳው አጭር ነው፤ ለከብት የሚተርፈው ቀለብም አነስተኛ ነው። የጎረቤት ማሳ ገና ለምለም ሳለ ቀድሞ ስለሚያፈራ ወፍ ይበረታበታል። ከዚህ እንደምንረዳው አንዱ ዘር ሌላውን አይተካም። አቀንጭራ ለወረረው ማሳና ለዘገየ ዝናብ አንደኛው፣ በልጉ ለሰመረበት ዓመትና ለከብት ቀለብ ሌላኛው ያስፈልጋል።

ከወሎ ማሳ የተገኘ ሀብት

የሀገር ዘር ጥቅም በጎተራ ብቻ አይለካም። እ.ኤ.አ. በ1973 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 9,000 ያህል የማሽላ ናሙናዎች ተመርምረው፣ ላይሲን በተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር ልቀው የተገኙት ሁለቱ ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ የሄዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ እንዲህ ዓይነቱን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እያለ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራው፣ እሸቱንም ጠብሶ ይበላው ነበር። ለገበያ ተብሎ ማሳው ሁሉ አንድ መልክ እንዲይዝ ቢደረግ ኖሮ፣ እነዚህ «ባዕድ ዘር» ተብለው ተነቅለው ይጣሉ ነበር።

እስከ አሁን የተሠራው

በ1968 ዓ.ም. የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከዚሁ የመጣ ነው። በድርቅ ዘመን ገበሬው የዘሩን እህል ለመብላት ሲገደድ፣ ማዕከሉ የሀገር ዘሮች ጨርሰው ሳይጠፉ እየሰበሰበ ለማቆየትና ለገበሬው ለመመለስ ሠርቷል። ይህን ሥራ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የእርሳቸው ዋና ትምህርት ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ላይ መጠበቅ አለበት የሚል ነበር። በክፍል የተቀመጠ ዘር ካለበት ይቆያል፤ በማሳ ያለው ግን ከአየሩና ከተባዩ ጋር እየተላመደ ይሄዳል።

የንግድ ድርጅቶች ድርሻ

በሀገራችን ምርጥ ዘር በድርጅት ደረጃ ማባዛት የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ዘር ኮርፖሬሽን ነው። በ2001 ዓ.ም. የአማራ ምርጥ ዘር ድርጅት ተቋቋመ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው ዘር ድርጅት ከሌሎች ጋር ተዋህዶ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሆነ። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ንጹሕ ዘር በብዛት ለገበሬው ያደርሳሉ፤ ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው። ነገር ግን ድርጅት የሚያባዛው ብዙ ገዢ ያለውን ዘር ነው። ደጋሊትን ጥቂት ቀበሌ ብቻ ስለሚፈልገው ከሩቅ ያለ ድርጅት ሊያባዛው አይመቸውም። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በቅርብ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

ንግድ ያለ ጥበቃ ሲሆን የሚያስከትለውን ጉዳት በጤፍ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ውል ተፈረመ። ሀገሪቱ ያገኘችው ጥቅም እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት በአውሮፓ ተመዘገበ። መብቱን በኔዘርላንድ ውድቅ ያደረገው የሄግ ፍርድ ቤት ሲሆን ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ገበሬዎች እርስ በርስ በልማድ የሚያደርጉት የዘር ልውውጥ ግን አይከለከልም።

ማኅበሩ ሊሠራው የሚገባ

1. በየቀበሌው የሚዘሩትን የማሽላ ዓይነቶች በስማቸው መመዝገብ። ማን እንደሚዘራቸውና ለምን እንደሚወዷቸው ሴቶችንም ወንዶችንም ጠይቆ መጻፍ።

2. ከአጨዳ በፊት ጤናማ ራሶችን ከማሳው መካከል መምረጥ። ማሽላ ከጎረቤት ማሳ ሊዳቀል ስለሚችል ከዳር ያለው ለዘር አይወሰድም።

3. ከእያንዳንዱ የሀገር ዘር ቢያንስ አንድ ኩንታል ማስቀመጥ። በሄክታር 10 ኪሎ ቢዘራ አንድ ኩንታል 10 ሄክታር ይሸፍናል፤ ይህም ሩብ ሩብ ሄክታር ለሚዘሩ 40 አባላት ይበቃል።

4. ዘሩን በሚገባ አድርቆ ከነቀዝ መጠበቅ። ከመዝሪያው ወር በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሳምንት በኋላ የበቀለውን መቁጠር። ከ85 በታች ከሆነ ዘሩ ይለወጥ።

5. ዘሩን በብድር መስጠትና ከአጨዳ በኋላ በዘር ማስመለስ፣ በየዓመቱም ማደስ።

6. ከተቀመጠው ከፊሉን በሌላ ቀበሌ ማኖር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ እንደታየው፣ በአንድ ቤት ያለ ዘር በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ምርጥ ዘር ይዞ ወደ ገበሬው ሲሄድ አስቀድሞ «በጎተራህ ያለው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ማኅበሩም ጎብዬንና ደጋሊትን በአንድ መጋዘን፣ በየስማቸውና በየጆንያቸው ይያዛቸው። በልጉ ቢመጣ አንዱ አለ፤ በልጉ ቢቀር ሌላው አለ። ሁለቱም በእጁ ያሉት ገበሬ በሚያዝያ ሰማዩን ሲያይ የሚመርጠው አያጣም።