ባሊን በማለዳ መቅመስ

ባሊ የደረሰ እንግዳ የመጀመሪያ ምሳውን ብዙውን ጊዜ ካረፈበት ሆቴል ሳይወጣ ይበላል። የሚቀርብለትም ናሲ ጎሬንግ ነው፤ እንቁላል ከላዩ ያረፈበት የተጠበሰ ሩዝ። ምግቡ አይከፋም። ነገር ግን በየትኛውም የኢንዶኔዥያ ከተማ የሚገኝ የአገር ሁሉ ምግብ እንጂ የባሊ አይደለም፤ አጠባበሱም ከቻይና ሰፋሪዎች ሙያ የተወረሰ ነው። ሳምንት ሰንብቶ፣ ባሕሩንና ቤተ መቅደሱን ፎቶ አንሥቶ፣ የደሴቲቱን ምግብ ሳይቀምስ የሚመለስ መንገደኛ ብዙ ነው።

ምግቡ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰዓቱ አምልጦት ነው። በባሊ መንደሮች ሴቶች ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው የቀኑን ሩዝና ማባያ አንድ ጊዜ ያበስሉና ከድነው ያስቀምጡታል። ማንም ሳይቀምስ ከበሰለው ላይ ጥቂት ጥቂት በቁራጭ የሙዝ ቅጠል ይደረግና በምድጃው፣ በውሃ ማጠራቀሚያውና በበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ የአማልክትና የመናፍስት የዕለት ድርሻ ነው። ከዚያ በኋላ የራበው በራበው ሰዓት ወደ ማድ ቤት ገብቶ ይቀዳል፤ ጥግ ይዞም ዝም ብሎ ይበላል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ሰዓት ለምግብ የሚሰበሰብበት ልማድ አልነበረም። «እንብላ» ሳይሉ እህል መቅመስ ነውር በሆነበት አገር ላደገ ሰው ይህ ሳያስገርም አይቀርም።

ዋሩንግ የሚባሉት ትናንሽ ምግብ ቤቶችም የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ምግቡ ሌሊት ተሠርቶ ጠዋት ይቀርባል፤ ድስቱ ሲያልቅ ቤቱ ይዘጋል። ስመ ጥር የሆኑት እኩለ ቀን ሳያልፍ ባዶ የሚቀሩበት ቀን አለ። ስለዚህ የባሊን ምግብ ፈልጎ ምሽት ላይ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ለቱሪስት የተዘጋጀውን ነው። ከጠዋቱ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ግን የሞቀ ሩዝ፣ ገና ያልቀዘቀዘ ማባያና ምግቡን ያበሰለችው ሴት ራሷ ይገኛሉ። እሷን «ኢቡ»፣ ወንዱን ሻጭ «ፓክ» ብሎ መጥራት ጨዋነት ነው፤ እናትና አባት እንደማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ምግብ ሥር አንድ ነው፤ ባሰ ገነፕ የሚሉት እርጥብ የቅመም ድልህ። ትናንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ የዝንጅብል ዘመዶች የሆኑት ጋላንጋልና ኬንቹር፣ ቃሪያ፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ገውዝ፣ ቅባት የሞላበት ከሚሪ የተባለ ፍሬ፣ የዘንባባ ስኳርና ከትናንሽ የባሕር ሽሪምፕ ተብላልቶ የሚደርቅ ተራሲ የሚባል ቅመም አብረው ይወቀጣሉ ወይም ይከተፋሉ። ደህና ባለሙያ በቢላ እንጂ በመፍጫ ማሽን አይሠራውም፤ ሲፈጭ ውሃው እየወጣ መዓዛው ይሞታል ባይ ነው። ከዚያ በኮኮናት ዘይት ይቁላላል። በዶሮ፣ በዓሣ፣ በዳክዬ፣ በአሳማ፣ በጎመን ላይ የሚጨመረው ይኸው ነው፤ መጠኑ ግን ከመንደር መንደር፣ ከእጅ እጅ ይለያያል።

በዚህ ቅይጥ ውስጥ ለሐበሻ አፍንጫ የማይከብድ አንድ ነገር አለ። ባሊዎች ታቢያ ቡን የሚሉት ረጅሙ ቁንዶ በርበሬ፣ ከኢትዮጵያ ደን የሚለቀመው የጥምዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ቃሪያ ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ በአውሮፓ መርከቦች ወደ እስያ ከመድረሱ በፊት የደሴቲቱ ምግብ የሚያቃጥለው በዚህና በዝንጅብል ነበር።

ስለ ባሊ ምግብ የሚጽፍ ሁሉ ቀድሞ የሚያነሣው ግን ባቢ ጉሊንግን ነው። ሆዱ በባሰ ገነፕና በካሳቫ ቅጠል ተሞልቶ፣ ቆዳው እርድ ተቀብቶ፣ በእንጨት ላይ እየተሽከረከረ ለሰዓታት በእሳት የሚጠበስ የአሳማ ግልገል ነው። ጊያንያር በዚህ የታወቀች ወረዳ ናት፤ የኡቡድ ከተማ ምግብ ቤቶች ደግሞ በውጭ አገር የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ከታዩ ወዲህ ሰልፍ አይጠፋባቸውም። ኢንዶኔዥያ ከዓለም ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባት አገር ስትሆን፣ ከባሊ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ግን ሂንዱዎች ናቸው፤ አሳማው በደሴቲቱ በዓላት ላይ ቦታ ያገኘውም ለዚህ ነው። ጋሉንጋን የሚባለው ትልቅ በዓል በ210 ቀን አንድ ጊዜ ይውላል፤ በዋዜማው በየሰፈሩ አሳማ ይታረዳል።

የዚህ መጽሔት አንባቢ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል፣ በአብዛኛው አሳማ አይበላም። ይህ ባሊን አያሳጣውም፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ናሲ ቻምፑር የሚባለው፣ በሩዝ ዙሪያ የተለያየ ማባያ የሚደረድረው ሳህን፣ በሂንዱ ዋሩንግ ውስጥ ከዶሮው ጎን የአሳማ ቁራጭ ሊይዝ ይችላል። ላዋር ደግሞ የተከተፈ አትክልትና ሥጋ ከተፈቀፈቀ ኮኮናት ጋር የሚለወስበት ምግብ ነው፤ ቀዩ ላዋር ቀይ የሆነው ጥሬ ደም ስለተጨመረበት ነው። ጥቂት ቃላት ብዙ ያድናሉ። ባቢ አሳማ፣ አያም ዶሮ፣ ቤቤክ ዳክዬ፣ ኢካን ዓሣ፣ ፐዳስ የሚያቃጥል። «ሃላል» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ቤቶችም ሞልተዋል፤ ብዙዎቹን የከፈቱት የጃቫና የምዕራብ ሱማትራ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ምግብ አላቸው፤ የባሊ ምግብ ግን ላይሆን ይችላል።

የባሊን እጅ ያለ አሳማ ለማወቅ የሚሻ በቱቱ ይዘዝ። ዳክዬ ወይም ዶሮ ከውጭም ከውስጥም በቅመሙ ታሽቶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በሩዝ ገለባ ፍም ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ሲወጣ ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ይላቀቃል። የዳክዬውን በቱቱ በወጉ የሚሠሩ ቤቶች ከአንድ ቀን በፊት እንዲታዘዝ የሚጠይቁት ሊያስቸግሩ ብለው አይደለም። ጊዜ የሌለው ወደ ምዕራቡ ጫፍ፣ ወደ ጊሊማኑክ ይሂድ። ከጃቫ የሚመጣው ጀልባ የሚያርፍበት ወደብ ነው፤ እዚያ የሚሠራው የዶሮ በቱቱ መረቅ የበዛበትና ዓይን የሚያስለቅስ ነው። በኦቾሎኒና በቅጠላ ቅጠል ይቀርባል። በደሴቲቱ ብዙ ከተሞች «ጊሊማኑክ» የሚል ስም የለጠፉ ምግብ ቤቶች የሚታዩትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ዓሣ ወዳዱ ምሥራቁን ይምረጥ። በክሉንግኩንግ ወረዳ፣ ጎዋ ላዋህ ከሚባለው የሌሊት ወፎች ዋሻ ቤተ መቅደስ አካባቢ፣ የተከተፈ ዓሣ ከቅመምና ከኮኮናት ጋር ተለውሶ በእንጨት ላይ ይጠቀለልና በከሰል ይጠበሳል። ሳቴ ሊሊት ይባላል። እንጨቱ አንዳንዴ የጠጅ ሳር አገዳ ነው፤ ያኔ ሽታው እስከ ዓሣው እምብርት ይዘልቃል። አጠገቡ ኩሳምባ አለች፤ ጥቁር አሸዋ ባለበት ዳርቻዋ ጨው የሚያመርቱ ሰዎች ከአሸዋ ያጣሩትን የባሕር ውሃ በተቦረቦረ የኮኮናት ግንድ ላይ ለፀሐይ ያሰጡታል። ጨውን በዚህ መንገድ የሚያመርቱት ሰዎች ቁጥር እያነሰ ነው። በደቡብ ያለችው ጂምባራን በኮኮናት ልጣጭ እሳት ላይ በሚጠበስ ዓሣዋ ትታወቃለች፤ የምሽት ቦታ ናት፤ ውበቷም ዋጋዋም ለእንግዳ የተሠራ ነው። ዓሣው በኪሎ ስለሚሸጥ ሚዛኑንና ዋጋውን ሳይጠበስ መነጋገር ይሻላል።

ከሁሉ ጋር የሚቀርበው ሳምባል ማታህ እሳት አይነካውም፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ጠጅ ሳር፣ ቃሪያና የሎሚ ጭማቂ በትኩስ የኮኮናት ዘይት ይለወሳል። የደሴቲቱን ምግብ ያልወደደ እንግዳ እንኳ ይህን መጥላት ይከብደዋል።

ጾመኛው ኢትዮጵያዊ ደግሞ በባሊ ከአውሮፓ ይልቅ ይቀለዋል። ወተትና ቅቤ በአገሬው ምግብ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ሥራቸውን የሚሠራው የኮኮናት ወተትና ዘይት ነው። ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቶፉና ቴምፔ በየዋሩንጉ አሉ፤ ቴምፔ አኩሪ አተሩ በሻጋታ ተያይዞ የሚጠጥር የጃቫ ፈጠራ ነው። የተቀቀለ አትክልት ከተፈቀፈቀ ኮኮናት ጋር የሚለወስበት ኡራብ፣ በቅጠል የተቀቀለ ሩዝ በኦቾሎኒ ድልህ የሚበላበት ቲፓት ቻንቶክም አሉ። አታላዩ ተራሲ ነው። አትክልት ብቻ የሚመስለው ምግብ ውስጥ የሽሪምፑ ቅመም አለ፤ ዓሣ በጾም ለማይበላ ሰው «ታንፓ ተራሲ» የሚለው ቃል መልካም ጓደኛ ነው። ያለ ተራሲ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ብቻውን የሚበላው የባሊ ተወላጅ በድግስ ቀን ሌላ ሰው ነው። ለቤተ መቅደስ በዓልና ለሠርግ የሚሠራውን ምግብ የሚያዘጋጁት ወንዶች ናቸው፤ ገና ሳይነጋ ቢላቸውን ይዘው በሰፈሩ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ሥጋና ቅመም ሲከትፉም ድምፁ ሩቅ ይሰማል። በምሥራቅ በካራንጋሰም ደግሞ መጊቡንግ የሚባል ሥርዓት አለ። ስምንት ስምንት ሰው በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣል፤ መካከሉ ላይ ሩዝ ተቆልሎ ማባያው በተራ ይወርድበታል። ሁሉም በቀኝ እጁ ከፊት ለፊቱ ይቆርሳል፤ ወደ ሌላው ፊት መሻገር አይገባም፤ ቀድሞ የጠገበም ሌሎቹን ትቶ አይነሣም። ልማዱን የካራንጋሰም ንጉሥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ ጎረቤት ደሴት ወደ ሎምቦክ ሲዘምት ለወታደሮቹ እንዳስጀመረው ይተረካል። በመሶብ ዙሪያ ያደገ ሰው ሕጉን የሚነግረው አያስፈልገውም።

ሩዙን ያለ ሱባክ ማውራት አይቻልም። ሱባክ ገበሬዎች የመስኖ ውሃን በጋራ የሚያከፋፍሉበት ማኅበር ሲሆን፣ ዕድሜው እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን ይቆጠራል። ማን መቼ ይዝራ፣ ውሃው ወዴት ይልቀቅ የሚለው የሚወሰነው በውሃ ቤተ መቅደሶች የበዓል ቀጠሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን አምጥቶ ሁሉም በቻለው መጠን ደጋግሞ እንዲዘራ ሲገፋፋ ቀጠሮው ተናጋ፤ ውሃው አጠረ፤ ተባይም ፈላ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ስቴፈን ላንሲንግ በኮምፒውተር ሞዴል እንዳሳየው፣ ጎረቤታሞች ማሳቸውን በአንድ ጊዜ ሲያሳርፉ ተባዩ መጠጊያ ያጣል፤ የካህናቱ ቀጠሮ የሚሠራው ሥራ ይህ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ሱባክን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ከተመዘገቡት ቦታዎች አንዱ በሆነው በጃቲሉዊ እርከን ላይ ቀይ ሩዝ ይበቅላል፤ እዚያው ተቀምጦ መብላት ይቻላል።

ቡናም አለ፤ ዝርያው ከኢትዮጵያ የወጣው አረቢካ። በባቱር እሳተ ገሞራ ግርጌ በኪንታማኒ ከፍታ፣ በብርቱካን ዛፎች መካከል ይበቅላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢንዶኔዥያ ምርቶች ሁሉ ቀድሞ የመልክዓ ምድር መለያ የምዝገባ ጥበቃ አግኝቷል። አገሬው የሚጠጣው ቱብሩክ ነው፤ የተፈጨው ቡና በብርጭቆ ተደርጎ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። የቱሪስት አስጎብኚዎች ግን እንግዳቸውን ወደ ኮፒ ሉዋክ ይጎትታሉ። የጥርኝ ዘመድ የሆነ እንስሳ የበላው ቀይ ቡና ከኩሱ ተለቅሞ የሚታጠብበት ውድ መጠጥ ነው። ድሮ ከጫካ ይለቀም ነበር፤ ዛሬ ብዙው የሚመጣው በጠባብ ጎጆ ከታጎሩ እንስሳት ነው። ስለ ዝባድ ሲባል ጥርኝ ሲታሰር ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገንዘቡን ለኪንታማኒ ገበሬ መስጠት ይሻላል።

የቀረው አጭር ነው። የቧንቧ ውሃ አይጠጣም። አረቅ የሚባለው የዘንባባ አረቄ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የአውራጃው ደንብ ሕጋዊ መንገድ አግኝቷል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቅ ከ20 በላይ ሰዎችን ስለገደለ፣ ስም በሌለው ጠርሙስ የቀረበውን አለመቅመስ ነው። የባሕር ኤሊ ሥጋ ቀርቦ ከተገኘ ሕገ ወጥ ነው፤ ኢንዶኔዥያ ኤሊዎቹን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሕግ ትጠብቃለች።

ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ደግሞ የባሊን የዘመን አቆጣጠር ማየት ይገባል። ብዙውን ጊዜ በመጋቢት ወር የሚውለው ኒየፒ የዝምታ ቀን ነው። ለ24 ሰዓት እሳት አይለኮስም፣ መንገድ ላይ ሰው አይታይም፣ ዋሩንግ አይከፈትም፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ይዘጋል። እንግዳ ከሆቴሉ ግቢ አይወጣም። ሆቴሎች ለእንግዶቻቸው ያዘጋጃሉ፤ በመንደር ቤት የተከራየ ግን ሩዙንና ፍራፍሬውን በዋዜማው ገበያ ሸምቶ መግባት አለበት።