ከአሉሚኒየም ወደ ፋይበርግላስ፦ በሰቲትና በአትባራ ላይ ጀልባ መለወጥ

ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ በሑመራ በኩል የሚወርደው ተከዜ ሐምዳይት ላይ የሱዳንን ምድር ሲረግጥ ስሙን ለውጦ ሰቲት ይባላል። በመተማ በኩል የሚፈስሰው ጓንግም እንዲሁ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ አትባራ በሚለው ስም ይታወቃል፤ አንገረብም ባሕር አልሰላም የሚል የዐረብኛ ስም ይዞ ይቀላቀለዋል። ሦስቱም ከእኛ ደጋ የወረዱ ውኃዎች ናቸው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ጭነቱን ይዞ የሚመላለሰው ነጋዴ፣ በድንበሩ ላይ የሚቆመው ወታደር እነዚህን ወንዞች በክረምት ሲያገሡ፣ በበጋም ሲኮማተሩ አይቷቸዋል።

ዛሬ በእነዚህ ውኃዎች ረገድ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ለብዙው አንባቢ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይኸውም የአሉሚኒየም ጀልባ ያለው ዓሣ አስጋሪ አሮጌውን ትቶ የፋይበርግላስ ጀልባ ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለው ነው። ለባለጀልባው ግን ነገሩ ትንሽ አይደለም። ጀልባው ማረሻውም በሬውም ነው። ዓሣ በጠፋ ቀን ሰውና ዕቃ ያሻግርበታል፤ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜም የብዙ ሰው ነፍስ የሚተርፍበት ዕቃ እርሱ ይሆናል። የዓመታት ጥሪቱን ለማይሆን ጀልባ ቢያወጣ የሚመልስለት የለም።

ጀልባ የሚመረጠው በውኃው ጠባይ ነውና አስቀድመን የወንዙን ጠባይ እንይ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ወንዙ ደርቆ፣ እዚህና እዚያ ከቀሩ ኩሬዎች በቀር የሚታየው አሸዋ ብቻ ነበር። በሰኔ ወር ውስጥ አንድ ሌሊት ግን እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋ በደረቁ አሸዋ ላይ ታላቅ ወንዝ ይፈስስ ነበር። ይኸው ሰው በኋላ ወንዙን መሻገር ሲያስፈልገው ጀልባ ስላልነበረው በተነፉ አቁማዳዎች ላይ አልጋ አስሮ፣ በአልጋው ላይ የመታጠቢያ ሳፋውን አስቀምጦ ጓዙን አሻግሯል። በመጽሐፉ የተረከውን ያነበበ ሰው የሳፋውን ነገር አይረሳውም።

ያ ወንዝ ዛሬ በከፊል ተገርቷል። የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ያለቀው በአስዋን ከፍተኛ ግድብ ምክንያት አገራቸው በውኃ ለሚሸፈንባቸው የወዲ ሐልፋ ሰዎች የእርሻ ውኃ ለመስጠት ነበር። በእኛ በኩል 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራውን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት ሩሜላና ቡርዳና የተባሉት መንታ ግድቦች ተመረቁ። ቀድሞ በበጋ ኩሬ ብቻ ይታይበት በነበረው ሥፍራ ሰፊ ሐይቅ ተኛበት። አገሬው ቡልቲ የሚለው የእኛ ቆሮሶ፣ ጋርሙት የሚለው አምባዛ፣ ዓጅል የሚለው ትልቁ ዓሣ በዚያ ይሰገራል፤ ከፊሉ ዓሣም በጨው ታሽቶ ሱዳኖች የሚወዱት ፈሲኽ ይሆናል።

ደለሉ ግን አልተገራም። የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዝ ነበር፤ ከደጋ የሚታጠበው አፈር እየተኛበት ሄዶ የመያዝ ችሎታውን ግማሽ ያህል ወሰደበት። ደለሉን ለማጠብ በጎርፉ ወራት የግድቡን በር ከፍተው ውኃውን የመልቀቅ ልማድ የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ዓሣው በጭቃ ታፍኖ ያልቃል፤ ወደ ዳር ያልወጣ ጀልባም በጭቃ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ሰፊ ሐይቅ፣ አሸዋ የተሸከመ ወንዝ፣ ድንጋያማ ዳር፣ በአንድ ሳምንት የሚወጣና የሚወርድ ውኃ፤ የጀልባው ፈተና ይህ ነው።

ሁለቱም የጀልባ ዕቃዎች የታወቁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መሆኑ ለወታደር አንባቢያችን ደስ ሳይለው አይቀርም። በአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ይሠራ የነበረው የግሩማን ኩባንያ ጦርነቱ ሲያበቃ በእጁ የነበረውን የአሉሚኒየም ጥበብ ወደ ቀላል ጀልባ አዞረው። ሬይ ግሪን የተባለው ጀልባ ሠሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 የመስታወት ክርን ሬዚን በሚባለው ሙጫ መሰል ፈሳሽ አርሶ ጀልባ ሠራ። ፋይበርግላስ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው፤ እንደ ጨርቅ የተዘጋጀ የመስታወት ክር በቅርጽ ላይ ተነጥፎ፣ በሬዚን ርሶ፣ ሲደርቅ እንደ ቀንድ የሚጠነክር ዕቃ ነው። ላዩ ጄልኮት በሚባል ለስላሳ ሽፋን ይሸፈናል።

ፋይበርግላስ ይቀልላል የሚለው ወሬ በጥንቃቄ መታየት አለበት። አንድ ሊትር በሚሞላ ልክ ብንመዝነው ብረት 7.8 ኪሎ፣ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ፣ ተራው ፋይበርግላስ ግን 1.5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ነገር ግን አሉሚኒየሙ በስስ ላሜራ ሲበቃ ፋይበርግላሱ ለጥንካሬው ሲባል ወፍሮ መሠራት አለበት። ስለዚህ ተሠርተው ሲያልቁ አዲሱ ጀልባ ከአሮጌው የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው። በበጋ ጀልባውን ከኩሬ ወደ ኩሬ በአሸዋ ላይ ጎትቶ ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሉሚኒየም በዚህ አገር የራሱ ክብር አለው። ድንጋይ ሲመታው ይጎደጉዳል እንጂ ወዲያው አይበሳም፤ የጎደጎደውንም የገዳሪፍ ወይም የጎንደር ባትላሜራ በእንጨት መዶሻ ይመልሰዋል። በጠጠር ላይ ቢጎተት ይጫራል እንጂ አይሞትም። በወንዝ ውኃ ዝገት እምብዛም አይጎዳውም። በቀይ ባሕር ግን ሁኔታው ልዩ ነው፤ በዚያ ከጨዋማው ውኃ ጋር የሚስማማው ልዩ የአሉሚኒየም ዓይነት ካልሆነ አይበረክትም። በወንዝም ቢሆን በጀልባው ሆድ ውስጥ የወደቀ የመዳብ ሽቦ ወይም ሳንቲም እርጥበት ባለበት ቢቆይ አሉሚኒየሙን በልቶ ቀዳዳ ያወጣል። በጦር ትምህርት ቤት ወንዝ መሻገርን የተማርን ሰዎች ሌላም ነቀፋ አናጣለትም፤ መቅዘፊያ ሲነካው እንደ ነጋሪት ይጮኻል። ጠላትም ዓሣም ይሰማል። በግንቦት ፀሐይ ደግሞ በባዶ እግር የሚረገጥ አይደለም።

ፋይበርግላስ በተቃራኒው ዝም ያለ ነው። መረብ የሚይዝበት የሪቬት ራስ የለውም፤ ሆዱ ለስላሳ ስለሆነ በሐይቅ ሞገድ ላይ ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ ሙቀትንም እንደ ብረት አያስተላልፍም። ሆኖም የሚሰበረው በድንገት ነው፤ ድንጋይ ሲመታው አይጎደጉድም፣ ይሰነጠቃል። አሸዋና ጠጠር ጄልኮቱን እየላጩ ክሩ ላይ ሲደርሱ ውኃ በክሩ እየሳበ ይገባል። ከውጭ ደኅና የሚመስል ጀልባ ከውስጥ ውኃ ጠጥቶ እየከበደ ይሄዳል። ባለቤቱም ሞተሩ የደከመ ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ምርጫውን የሚወስነው የጥገናው ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን። አሉሚኒየም ሲቀደድ በገበያ ያለው ተራ በያጅ አይረዳውም። ምክንያቱም አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ በላዩ ያለው ስስ ቆዳ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ ቆዳውን አልፎ ሥጋውን ሳያፈስስ ለመበየድ የአርጎን ጋዝ፣ ለዚሁ የተሠራ መበየጃና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ይህ በትልቅ ከተማ ካልሆነ በወንዝ ዳር መንደር አይገኝም። በመሆኑም ባለጀልባው ቀዳዳውን በላሜራ፣ በጎማና በቡሎን ጠፍሮ፣ በሬንጅ ደፍኖ ይሠራበታል፤ የብረቱ ቡሎን በበኩሉ በዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም መብላት ይጀምራል።

ፋይበርግላስ ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ይጠገናል። የተሰነጠቀውን በሴጌቶ ቆርጦ፣ ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አሳስቶ፣ ፈጽሞ አድርቆ፣ ከስንጥቁ እየሰፋ የሚሄድ የመስታወት ጨርቅ ንብብር በሬዚን አርሶ መለጠፍ ነው። የመኪና ስቱኮ ለለመደ ሠራተኛ እጁ የሚያውቀው ሥራ ነው። ነገር ግን ስቱኮ ብቻውን ቀዳዳ አይደፍንም፤ በሞገድ መካከል ወድቆ ይወጣል። ሬዚኑን የሚያደርቀው ኬሚካል ከክብደቱ ከመቶ አንድ እስከ ሁለት እጅ ነው የሚጨመረው፤ ይህም ለ20 ወይም ለ25 ዲግሪ አየር የተባለ ልክ ነው። በገዳሪፍ ሚያዝያ አየሩ 40 ሲያልፍ ሬዚኑ ገና ሳይቀባ በጣሳው ውስጥ ይረጋል፣ ይጤሳልም። በመሆኑም ሥራው በማለዳ፣ በጥላ፣ ከተፈቀደው ልክ ዝቅተኛውን ኬሚካል በመጨመርና በትንሽ በትንሹ በመበጥበጥ መሠራት አለበት። ኬሚካሉ ዓይን ያጠፋል፣ የሬዚኑም ተን በእሳት ይያያዛል፤ ሲጋራ እያጨሱ ጀልባ መጠገን ጀልባውንም ሰውየውንም ማጣት ነው። ሬዚኑ ራሱ በሙቀት ተቀምጦ ስለሚበላሽ የሁለት ዓመት ቀለብ እንደማኖር አድርጎ መግዛትም አይጠቅምም።

ስለ መስመጥ ብዙ ሰው የተሳሳተ አሳብ አለው። ብረት ይሰምጣል፣ ፋይበርግላስ ይንሳፈፋል ይባላል። ከላይ እንዳየነው ፋይበርግላስ ከውኃ ይከብዳል፤ ውኃ ከሞላ እርሱም ይሰምጣል። የሚያንሳፍፈው በሁለት ገላ መካከል የሚሞላው ፎም ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ዲክ ፊሸር የተባለው የቦስተን ዌለር ጀልባ መሥራች ተቀምጦበት ሳለ ጀልባውን በመጋዝ ለሁለት አስከፍሎ በግማሹ ላይ እንደተቀመጠ ሲንሳፈፍ ላይፍ የተባለው መጽሔት በፎቶግራፍ አውጥቶታል። ገበያ ላይ የሚቀርበው ርካሽ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ይህ ፎም የለውም። ገዢው ወለሉን በጣቱ እያንኳኳ ይጠይቅ፤ ባዶ ከሆነ ከመቀመጫው ሥር የታሸገ ባዶ ጀሪካን አጥብቆ ማሰር በአሉሚኒየሙም በፋይበርግላሱም ይሠራል።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በሑመራ በኩል የሸሸው ሕዝብ ሐምዳይት ላይ ሰቲትን ተሻገረ። በዚያው ወር ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ስደተኛ ከ40 ሺህ በላይ ነበር፤ አብዛኛው የመጣው በዚሁ በር ነው። እናቶች ሕፃናትን አዝለው፣ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው በጀልባ ተጫኑ። በእንደዚያ ያለ ቀን ማንም ባለጀልባ ልክ አይቆጥርም፤ ለጥቂት ሰዎችና ለመረብ በተሠራ ጀልባ ላይ የሚወጣው ሕዝብ ነው። አሉሚኒየም ሲጫን ይታጠፋል፣ ያቃስታል፣ ያስጠነቅቃል። ከውስጥ የበሰበሰ ፋይበርግላስ ግን ሳያስጠነቅቅ ይከፈላል። ሰው ለሚያሻግር ጀልባ አሉሚኒየሙን የምንመርጠው በዚህ ነው። በግድቡ ሐይቅ ላይ ብቻ ለሚያሰግር ግን ፋይበርግላስ ይሻለዋል።

ጀልባ ሲለወጥ ዓሣውም ይነካል። በጣና የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ ላይ ሆነው ሲያሰግሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሆላንድ ዓሣ አስጋሪዎች እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ፤ ሩቅ የነበሩት የወንዝ አፎች ቅርብ ሆኑ። በክረምት ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰበው የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያ በመረቡ ተጠረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ ከመቶ 75 እጅ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ለክተዋል። በሰቲትም ዓሣው የሚራባው ጎርፉ ሲመጣ ነው። ፈጣን ጀልባ የገዛ ሰው ዕዳውን ቶሎ ለመክፈል በእነዚያ ሳምንታት መረቡን እጥፍ ቢዘረጋ፣ ጀልባው አዲስ ሳለ ዓሣው ያልቅበታል።

በመጨረሻ ስለ አሮጌው ጀልባ። ፋይበርግላስ ሲሞት የሚገዛው የለም፤ አይቀልጥም፣ ሲቃጠል ጢሱ ይጎዳል፣ በወንዙ ዳር ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። አሉሚኒየም ግን ቀልጦ ብረት ድስት ስለሚሆን ፈላጊ አያጣም። ለዚህም ነው ጀልባውን ለመለወጥ የሚቸኩል ባለቤት ለቀላጮች በኪሎ ሸጦ የሚገላገለው። ሆዱ ደኅና ከሆነ አይሽጠው። ሰኔ ሳይገባ ቡሎኖቹን ፈትቶ ይመልከት፣ መዳብና ሳንቲም ከውስጡ ይልቀም፣ ጀሪካኖቹን ከመቀመጫው ሥር ይሰር፣ ከውኃው ከፍታ በላይ በጥላ ያስቀምጠው።