ከአየር የተጠረበ ጠርሙስ

ቁመቱ 4 ሜትር፣ የሆዱ ስፋት 1 ሜትር ከ20 የሆነ ጠርሙስ በኮንክሪት ቢሞላ ከ8 ቶን በላይ ይመዝናል። ያው ጠርሙስ ከነጭ ፎም ሲጠረብ 55 ኪሎ ቢሆን ነው። ሁለት ጎረምሶች ብድግ አድርገው አይሱዙ ላይ ይጭኑታል፤ ባዛር ደጃፍ ቆሞ ያየው ሰው ግን ያለ ክሬን እዚያ የደረሰ አይመስለውም። የሰው ቁመት ያለው ሞባይል፣ በምግብ ቤት አናት ላይ የሚሰቀለው በርገር፣ ሰው ፎቶ የሚነሳበት ትልቅ ጀበና፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ሊሠራ ይችላል።

ፎም ስንል የፍራሹን ስፖንጅ አይደለም። አዲስ ቴሌቪዥን በካርቶኑ ውስጥ ግራና ቀኝ ታቅፎት የሚመጣው፣ ሲሰበር እንደ ዘንጋዳ የሚበተነው ነጩ ነው፤ በግንባታ ዕቃ ነጋዴው ዘንድ ኢፒኤስ ይባላል። የተገኘው በ1949 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ባስፍ በተባለው የጀርመን ኩባንያ ውስጥ ነው። ኬሚስቱ ፍሪትዝ ሽታስትኒ ናሙናውን በጫማ ቀለም ቆርቆሮ አድርጎ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ይተወዋል። ተመልሶ ሲያይ ነጭ ዓምድ ክዳኑን አናቱ ላይ ተሸክሞ ወጥቷል። ምስጢሩ በፕላስቲኩ ቅንጣት ውስጥ የታመቀው ፔንቴን የተባለ ጋዝ ነው፤ የእንፋሎት ሙቀት ሲያገኘው ቅንጣቷን 40 እና 50 እጥፍ ይነፋታል። ከተጋገረ በኋላ 98 በመቶው አየር ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በሜትር ኩብ ከ15 እስከ 30 ኪሎ የሚመዝነው ነው፤ ቀለል ያለው ለትልቅ ሆድ፣ ጠጠር ያለው ለጆሮ፣ ለአንገትና ለፊደል።

ሥራው ከመሀል ከተማ ይልቅ ለዳሩ ይስማማል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሩ መኪና የሚያስገባ ቤት ይፈልጋል፤ ብናኙና ብየዳው ደግሞ ጎረቤት ያስቆጣል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት፣ ግቢም ደንበኛም አላቸው። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ አለ፤ ሰበታ ደግሞ ሜታ አቦ ቢራ። ሜታን በ2004 ዓ.ም. ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ ቢጂአይ ዞረ። ባለቤት በተቀያየረ ቁጥር የማስታወቂያ መልክም መነካካቱ አይቀርምና ብልህ ሠሪ የጠርሙሱን ገላና መለያውን ለየብቻ ይሠራል። የቢራ ሥራ የሚቀበል ሰው ግን ሕጉን አስቀድሞ ያንብብ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፣ በሌላ ቦታም ገድቧል።

ጠረባው የሚጀምረው በጋለ ሽቦ ነው። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስም ከዚሁ ዓይነት ብረት ነው። በሁለት እንጨት መካከል ተወጥሮ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ፎሙን ሳይነካው ያቀልጠዋል ማለት ይቻላል፤ ከፊቱ ያለው ፕላስቲክ እየቀለጠ መንገድ ይለቃል። ሽቦው ቀልቶ ጭስ ካወጣ ግለቱ በዝቷል፣ ጭሱም ለሳንባ አይበጅም። ጎበዝ ጠራቢ ሽቦውን አይገፋውም፤ በራሱ ፍጥነት እንዲወርድ ይጠብቀዋል። ከተጣደፈ መሀሉ ወደ ኋላ ይጎብጥና ቀጥ ያለው ጎን ሆድ ያወጣል።

ፊደል ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። «ለ»ን ከጫፍ ገብቶ ከጫፍ መውጣት ነው። «መ»፣ «ዐ» እና «ፀ» ግን የተዘጋ ቀለበት አላቸው፤ ሽቦው በየት ይግባ? መጀመሪያ ቀዳዳ ይበሳል፣ ሽቦው ከአንድ ጫፉ ተፈትቶ በቀዳዳው ያልፋል፣ እንደገና ይወጠራል፣ ውስጡ ተቆርጦ ሲያልቅ ተፈትቶ ይወጣል። «መ» እና «ፀ» ይህን ሁለት ሁለት ጊዜ ያስደርጋሉ። ከሰሌዳው ርቆ ለሚያነብ መንገደኛ ይህ አይታየውም፤ የፊደል ዋጋ በቁጥር ብቻ የሚጠይቅ አሠሪ ግን ቢያውቀው ጥሩ ነው።

እኔን ከመቅረጹ በላይ የሚያስገርመኝ ቆዳው ነው። ፎም ከፀሐይ ጋር አይስማማም፤ ቢጫ ይሆናል፣ ላዩ እንደ ዱቄት ይነሳል። ይባስ ብሎ ሠፈር ውስጥ ያለው ማጣበቂያና ቀለም ግማሹ ይበላዋል። ማስቲሽ ይቀባ፣ ቤንዚን ይንጠብ፣ በላዩ ስፕሬይ ይረጭ፤ ጉድጓድ እየሆነ ይሰጥማል። ስለዚህ ብሎኮቹ የሚጣበቁት ውሃ መሠረት ባለው ኮላ ወይም ከጣሳ በሚረጭ ፖሊዩሬቴን ነው። የላይኛው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ውሃ መሠረት ያለው ሽፋን ይለብሳል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፋይበርግላስ፣ ስቱኮና ቀለም ይከተላሉ። ፖሊስተር ሬዚን ባልተሸፈነ ፎም ላይ የፈሰሰ እንደሆነ የሁለት ሳምንት ጠረባ በደቂቃዎች ይሰምጣል። ኢፖክሲ አይበላውም፤ ዋጋው ግን ይበላል። አንዳንዱ ደግሞ ይህንኑ የፎሙን የመበላት ጠባይ ለጥቅም ያውለዋል፦ ፋይበርግላሱ ከጠነከረ በኋላ ውስጡን በአሴቶን አቅልጦ ባዶ ቅርፊት ያስቀራል።

ቀጥሎ ነፋስ አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በሱሉልታ ሜዳ ላይ ለቆመ ነገር ይህ ቀልድ አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ያንን ጠርሙስ የ40 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋዋል፤ ግፊቱ የሚያርፈው ደግሞ ከመሬት ወደ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። የጠርሙሱ 55 ኪሎ የሚከላከለው በ60 ሳንቲ ሜትር ክንድ ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ከእጥፍ በላይ ይበልጠውና ይጥለዋል። መድኃኒቱ መሀሉን ከሥር እስከ አንገት በቱቦላሬ ማያያዝና እግሩ ላይ 2 ኩንታል ኮንክሪት ማሰር ነው፤ ያኔ ሚዛኑ ወደ ጠርሙሱ ይዞራል። ብየዳው ግን ቱቦላሬው ፎም ከመልበሱ በፊት ማለቅ አለበት። ፎም በ100 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል፣ የብየዳ ብልጭታ ሲያገኘው ደግሞ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይንጠባጠባል።

ማጓጓዙም የራሱ ሒሳብ አለው። ከሰበታ በዓለም ገና፣ ከቡራዩ በአሸዋ ሜዳ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ ወደ መሀል ከተማ ሲገቡ የመብራት ሽቦው ዝቅ ያለ ነው። ጠርሙስ ተኝቶ ይሄዳል። ጀበና ግን ሆዱ ከመኪናው ስለሚሰፋ ለሁለት ተከፍሎ ይጫናል፤ መገጣጠሚያው በቦታው ላይ በስቱኮ ይደፈናል፣ ቀለሙም እዚያው ይታደሳል።

ባዛሩ ሲያልቅ ፎሙ የት ይሂድ? ስፔን ውስጥ በቫሌንሲያ የፋያስ በዓል ላይ ከቀድሞው እንጨትና ካርቶን ይልቅ ዛሬ በአብዛኛው ከዚሁ ፎም የሚሠሩትን ግዙፍ ሐውልቶች በየዓመቱ ማርች 19 ሌሊት ያቃጥሏቸዋል፤ ስለ ጭሱ የሚነሳው ወቀሳም አላባራም። እዚህ ማቃጠሉ ጨርሶ አይመከርም፤ መጣሉም ቅንጣቱ በቦይ እየሄደ ወንዝ ይገባል፣ አይበሰብስም። ቀለም ያልነካው ቁርጥራጭ ለጣሪያ ሙቀት መከላከያ ይሆናል ወይም ለሌላ ቅርጽ ሆድ መሙያ ይቀመጣል። ፋይበርግላስ የለበሰው ግን አይለያይም፤ ስለዚህ ውል ሲፈረም ቅርጹን ማን መልሶ እንደሚያነሳ፣ ቱቦላሬውም የማን እንደሚሆን አብሮ ይጻፍ።