የኒውሲ ላሎንድ ደመወዝ

የዛሬው ንግግራችን የሚነሣው ከአንድ ደመወዝ ነው። በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በካናዳ ምዕራብ በቫንኩቨር ከተማ የነበረ ኮን ጆንስ የተባለ የትምባሆ ነጋዴ፣ ኤድዋርድ ላሎንድ ለሚባል የ23 ዓመት ጎልማሳ ለአንድ የሙቀት ወራት ጨዋታ 5,000 ዶላር ከፈለው። ይህም ላሎንድ በክረምት በበረዶ ላይ ሆኪ ተጫውቶ ከሚያገኘው እጅግ የሚበልጥ ነበር።

ጨዋታው ላክሮስ ይባላል። በዱላው ጫፍ መረብ አለበት፤ ተጫዋቹም ትንሿን ኳስ በመረቡ ይቀልባል፣ ይዟት ይሮጣል፣ ለባልንጀራው ወይም ወደ ግቡ ይወረውራል። የጨዋታው ባለቤቶች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ የሞንትሪያል ነጮች የተማሩት ከሞሐውክ ሰዎች ነው። ይሁን እንጂ በ1880 የካናዳ ማኅበር ያለ ደመወዝ የሚጫወቱ ብቻ ይወዳደሩ ብሎ በመደንገጉ፣ እነዚያው ነባሮች ገንዘብ ተቀባዮች ናችሁ ተብለው ከውድድሩ ተገለሉ። መምህርን ከገዛ ትምህርት ቤቱ ማስወጣት ማለት ይህ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ቈይቶ 5,000 ዶላር በግልጽ ሲከፈል ግን ነውር አልሆነም።

ላሎንድ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በኮርንዎል ከተማ በ1887 ተወለደ። በወጣትነቱ በጋዜጣ ሥራ ላይ ስለ ነበረ «ኒውሲ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ጠበኛ፣ ዱላውንም ከመሰንዘር የማይመለስ ተጫዋች ነበረ። በጥር ወር 1910 የሞንትሪያል ካናዲየንስ ሆኪ ቡድን ከተቋቋመ ወዲህ የመጀመሪያውን ጎል ያገባው እርሱ ነው። በ1911 ደግሞ ቫንኩቨር የሚንቶን ዋንጫ ከኒው ዌስትሚንስተር እንዲነጥቅ ረዳ። ይህን ዋንጫ በ1901 የሰጡት የንጉሡ እንደራሴ ሎርድ ሚንቶ ሲሆኑ፣ የታሰበውም ያለ ደመወዝ ለሚጫወቱ ነበር።

ነገር ግን ባለ ቡድኖቹ ተጫዋች ለመውሰድ ዋጋ እየተሻሙ ሲያንሩ፣ ከመግቢያ ቲኬት የሚሰበሰበው ገንዘብ ወጪውን ሊሸፍን አልቻለም። በ1914 የተነሣው ጦርነትም ወጣቶቹን ወሰደ። በ1920ዎቹ የደመወዝ ላክሮስ ከሰመ፤ ላሎንድ ሆኪ ባይኖረው ኖሮ እንጀራው በጎልማሳነቱ በተቋረጠ ነበር።

በ1950 የካናዳ ጋዜጠኞች የግማሽ ምዕተ ዓመቱን ታላቅ የላክሮስ ተጫዋች ሲመርጡ፣ ድምፃቸውን የሰጡት ለእርሱ ነው። በዚያው ዓመት ስሙ በሆኪ የክብር መዝገብ ገባ፤ በላክሮሱ መዝገብ የተጻፈው ግን በ1965 ነው። ላሎንድ በ1970 በ83 ዓመቱ በሞንትሪያል አረፈ።