ፔፕሲስ ግሮሳ ወይስ ፔፕሲስ ፎርሞሳ? ስለ አንዲት ሸረሪት አዳኝ ተርብ ስም

ሸረሪት አዳኝ ተርቦች በአብዛኛው ፖምፒሊዴ በተባለው ቤተ ሰብ ውስጥ ይቈጠራሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ ምድር ብቻ ከሚኖረው ፔፕሲስ ከተባለው ወገን አንዲቱን ዝርያ ወስደን፥ ስሟ ሊቃውንትን ለምን እንዳከራከረ እንገልጻለን። በአፍሪካ የሚገኘው ዘመዷ ሄሚፔፕሲስ ይባላል፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን።

ይህች ተርብ ሰውነቷ ጥቁር ሰማያዊ ነው። እንስቲቱ ታራንቱላ የተባለውን ትልቅ ጠጕራም ሸረሪት ፈልጋ ትነድፈዋለች፤ መርዟም ያደነዝዘዋል እንጂ አይገድለውም። ጐትታ ወደ ጕድጓድ ካስገባችው በኋላ አንድ እንቁላል ብቻ ትጥልበትና ጕድጓዱን በአፈር ትደፍናለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ሸረሪቱን በሕይወቱ ሳለ ይበላዋል፤ ነገር ግን ዋና ዋናዎቹን ብልቶች እስከ መጨረሻው ስለማይነካ ምግቡ አይበሰብስበትም። ያደገችው ተርብ ግን የምትመገበው የአበባ ወለላ ነው። ጃስቲን ሽሚት ባወጣው የሕመም መለኪያ የፔፕሲስ ንድፊያ ከፍተኛውን ደረጃ፥ ማለት 4ን አግኝቷል፤ እኛ ይህን ሳንፈትን አምነናል።

ወደ ስሟ እንመለስ። ዴንማርካዊው ፋብሪሲዩስ በ1798 (ዓመቶቹ ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ግሮሳ አላት። አሜሪካዊው ቶማስ ሴይ ደግሞ በ1823 ፎርሞሳ የሚል ስም አወጣ፤ በሰሜን አሜሪካ ለረዥም ዘመን የተሠራበት ይኸው የሴይ ስም ነው። ስሕተቱን ያበዛው የክንፍ ቀለም ነው። የዚህችው ዝርያ ክንፍ አንዳንዴ ብርቱካንማ፥ አንዳንዴም ጥቁር ሲኾን፥ በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ደግሞ ሥሩ ጨለም ጫፉ ፈካ ያለ ይገኛል። በመርፌ የተሰኩ ጥቂት ናሙናዎችን ብቻ ያየ ሰው ሦስት ዝርያዎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ይባስ ብሎ ፔፕሲስ ቲስቤ የምትባል ሌላ ዝርያ ብርቱካንማ ክንፍ ይዛ በዚያው አገር ትበራለች። ስለዚህ ከቀለም ይልቅ የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ የተሻለ ምስክር ነው።

ኮሊን ቫርዲ ከ2000 እስከ 2005 በ3 ክፍል ባሳተመው ጥናት በፔፕሲስ ወገን 133 ዝርያዎችን ለየ። ፎርሞሳና ግሮሳም አንድ ኾኑ፤ በእንስሳት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና ግሮሳ ጸና። ነገር ግን የኒው ሜክሲኮ ግዛት በ1989 ይህችን ተርብ የግዛቱ ነፍሳት ተወካይ አድርጎ ሲመርጥ በሕጉ ያሰፈረው ፎርሞሳ የሚለውን ነው።

እኛ የኹለቱን መዋሐድ ትክክል እንለዋለን። ኾኖም «ፎርሞሳ» ተብሎ የተጻፈውን የቀድሞ መዝገብ ኹሉ፥ የትኛውን ሸረሪት እንዳደነች የሚናገረውንም ጭምር፥ ናሙናው ሳይታይ ወደ ግሮሳ ማዛወር አይገባም፤ ከመካከሉ ቲስቤ ልትኖር ትችላለችና። የናሙና ሰብሳቢም በወረቀቱ ላይ ከስሙ ሌላ የክንፉን ቀለም፥ ጾታውንና የተያዘበትን ስፍራ ይጻፍ።