ገና በነሐሴ

ዴቭ ባሴት አንድ ነገር አስተዋለ። የሚያሠለጥነው ሼፊልድ ዩናይትድ እስከ ገና ድረስ ሲንገዳገድ ይከርምና በዓሉ ካለፈ በኋላ ነፍስ ይዘራል። ታዲያ በዓሉ ቀድሞ ቢመጣስ? በ1992 ነሐሴ ላይ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል፣ ለተጫዋቾቹ የገና ግብዣ ደገሰላቸው። ኦገስት 15 ቀን ማንቸስተር ዩናይትድ ብራሞል ሌን ሲደርስ ገና 5ኛው ደቂቃ ላይ ብራያን ዲን በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጎል ይህች ናት። ጨዋታውም 2 ለ 1 በሼፊልድ አሸናፊነት አለቀ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ ሊግ መክፈቻ ሳምንት ምን እንደሆነ ለኳስ አፍቃሪ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። 20 ክለቦች፣ 10 ጨዋታዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓርብ እስከ ሰኞ፣ እኛ ዘንድ ፍልሰታና ቡሄ በሚውሉበት ሰሞን። በመክፈቻ ጨዋታዎች ብዙ ጎል ያስቆጠረው ሞሐመድ ሳላህ ነው፤ በ2025 ቦርንመዝ ላይ ያገባት 10ኛው ሆናለች። ሺረር፣ ላምፓርድና ሩኒ 8 ላይ ቆመዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚከፍት የሚወሰንበት መንገድ።

ጁን ላይ መርሐ ግብሩ ይፋ በሆነ ቁጥር «ዕጣው ከበደብን» የሚል እሮሮ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚያውቀው አንድ የአርሰናል ደጋፊማ ዕጣው የተሠራ መሆኑን በየዓመቱ ይምላል። እንደ ሻምፒዮንስ ሊግ ከማሰሮ ኳስ እየወጣ የሚነበብ ስም ግን የለም። ዕጣ በሌለበት «ዕጣው ተሠራ» ብሎ መማል ትንሽ ያስተዛዝባል።

የሚደረገው ይህ ነው። በአንድ ጊዜ የሚደለደለው ፕሪሚየር ሊጉ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያሉት ሦስት ሊጎችም አብረው ይገባሉ። ፕሪሚየር ሊጉ 380፣ ሦስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 552 ጨዋታ አላቸው፤ ድምሩ 2,036። ክለቦች አስቀድመው ይጠየቃሉ፦ በሜዳችሁ መጫወት የማትችሉት የትኛውን ቀን ነው? ፖሊስም የራሱን ሐሳብ ያቀርባል። ሊቨርፑልና ኤቨርተን፣ ሁለቱ የማንቸስተር ክለቦችም፣ በአንድ ቀን ሁለቱም በሜዳቸው እንዳይጫወቱ ይደረጋል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ያሰላል፤ ከዚያ ሰዎች ተቀምጠው ቀን በቀን ይመረምሩታል።

ከሁሉም የሚጣፍጡት ግን የቤትና የውጪ ሕጎች ናቸው። ከየትኛውም ተከታታይ 5 ጨዋታ ውስጥ 3ቱ በሜዳ ከሆኑ 2ቱ ከሜዳ ውጪ፣ ወይም ተገላቢጦሽ እንዲሆኑ ይፈለጋል። ማንም ክለብ ውድድሩን በሁለት ተከታታይ የሜዳው ጨዋታ ወይም በሁለት ተከታታይ ጉዞ እንዲጀምርም ሆነ እንዲጨርስ አይፈለግም። ስለዚህ የመክፈቻው ቅዳሜ ለብቻው የቆመ ቀን አይደለም። በሜዳው የከፈተ ቡድን በሳምንቱ ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ የአንዱ ክለብ ቀን ሲነካ የጎረቤቱ ቀን ይናጋል፣ ያም የሌላውን ይጎትታል።

ሕጉ ሲጣስ ደግሞ ምክንያት አለው። በ2016 የአንፊልድ ዋናው የተመልካች ክፍል እየሰፋ ስለነበር ሊቨርፑል የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ ከሜዳው ውጪ አደረገ፤ አርሰናልን በኤምሬትስ 4 ለ 3 አሸንፎ ጀመረ። የክሎፕ ቡድን ወደ አንፊልድ የተመለሰው ሴፕቴምበር ላይ ነው።

እናም መርሐ ግብር ማንበብ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አይቶ አያልቅስ። አምስት አምስቱን ይመልከት። ሁሉም ከ19ኙ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ የሚለያየው ጊዜው ነው።

ጁን ላይ የወጣው ሰንጠረዥም እንዳለ አይቆይም፤ ቴሌቪዥን ጨዋታዎችን መርጦ ወደ ዓርብ፣ ወደ እሑድና ወደ ሰኞ ይወስዳል። ለእኛ ተመልካቾች አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ አለ። ቅዳሜ በእንግሊዝ ሰዓት ከቀኑ 8፡45 እስከ 11፡15 እዚያው አገር ውስጥ የእግር ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን በቀጥታ አይተላለፍም። ሐሳቡ በ1960ዎቹ ከበርንሊው ሊቀመንበር ከቦብ ሎርድ የመጣ ነው፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ትልልቆቹን ካየ የትንንሾቹ ክለቦች ስታዲየም ባዶ ይቀራል ከሚል ስጋት። ስለዚህ ነሐሴ ላይ በእነሱ 9 ሰዓት፣ በእኛ 11 ሰዓት የሚጀመረውን ጨዋታ አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠ ሰው በቀጥታ ሲያየው፣ ከስታዲየሙ ማዶ የሚኖር ትኬት ያላገኘ እንግሊዛዊ ከሬዲዮ ይሰማዋል።

ከመክፈቻው ውጤት ትንቢት የሚያወጡትም መገሠጽ አለባቸው። እሑድ ማታ የደረጃ ሰንጠረዡን ፎቶ አንስተው የሚለጥፉ፣ ፋንታሲ ላይ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ዋይልድ ካርዳቸውን የሚያቃጥሉ፣ ደመወዛቸውን ውርርድ ቤት የሚወስዱ። ብዙውን ጊዜ የዝውውር መስኮቱ ገና ክፍት ነው፤ እንግሊዞች በ2018 እና በ2019 ከመክፈቻው በፊት ዘግተውት ሞክረው ተዉት። ቡድኑ ሳይሟላ ነው የሚገመገመው። በ1992 በዚያች ቅዳሜ ኤሪክ ካንቶና የሊድስ ተጫዋች ነበር። ኖቬምበር ላይ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ተሻገረ፣ በብራሞል ሌን የተሸነፈው ቡድን ዋንጫውን አነሳ፣ ሼፊልድ 14ኛ ሆነ።

ብላክፑል በ2010 ከ1971 በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ ተመልሶ ዊጋንን በዊጋን ሜዳ 4 ለ 0 አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻ ወረደ። በ2016 ሃል ሲቲ ቋሚ አሰልጣኝ ሳይኖረው ሻምፒዮኑን ሌስተርን 2 ለ 1 ረታ፤ እሱም ወረደ።

በ2021 ደግሞ ቶተንሃም በሰን ጎል ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸነፈ። አሰልጣኙ ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አከታትሎ አሸንፎ የኦገስት ወር ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ኖቬምበር 1 ቀን ተባረረ። ሲቲ በ93 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ ቶተንሃምም በአንቶኒዮ ኮንቴ እጅ 4ኛ ሆኖ ጨረሰ።